ሁለቱ ካሣዎች፤ ስም ስለ ማውጣትና ስም ስለ መሸከም

በአማርኛችን አንድ ሰው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን ያከታትላል። አንደኛው «ማን ትባላለህ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች ለተጠያቂው የቀረቡ ይምሰሉ እንጂ መልሳቸው ከእርሱ የመነጨ አይደለም። «ማን ትባላለህ?» ማለት ሌሎች ምን ብለው እንደሚጠሩት መጠየቅ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ማለትም ከእርሱ በፊት የነበረ ሰው ስም ማስጠራት ነው። «ራስህን ማን አደረግኸው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግዲህ ቋንቋችን ገና ከመነሻው አንድ ነገር ወስኖ ያስቀመጠ ይመስላል፤ ይኸውም ሰው ማንነቱን የሚቀበለው ከሌሎች እጅ ነው የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ውሳኔ ሊመረምር የተነሣ ነው። ለምርመራውም ሁለት ምስክሮችን ያቀርባል፤ አንዱን ከታሪክ፣ አንዱን ከልብ ወለድ። የሁለቱም የመጀመሪያ ስማቸው ካሣ ነው።

ወደ ምስክሮቹ ከመሄዳችን በፊት ነገሩን ከአንድ ሰፈር ብንጀምረው ይቀላል። በአዲስ አበባ የልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስሟን ለሰፈሩ አውርሳለች፤ ሰፈሩም በተራው ለክፍለ ከተማው አውርሷል። ቃሉ መወለድን የሚያስታውስ ነው። ግንቦት 1 ቀን የሚከበረው የእመቤታችን ልደት ትውፊት እንደሚተርከው፣ ወላጆቿ ሐናና ኢያቄም መካን እየተባሉ በሰው አፍ ሲሰደቡ የኖሩ ነበሩ፤ ልጃቸውንም የወለዱት ከዚያ አፍ ርቀው በሊባኖስ ተራራ ነው። የግንቦት ልደታ ንፍሮ ከቤት ውጭ የሚበላው ለዚያ የደጅ ልደት መታሰቢያ ነው ይባላል። ስለዚህ በሰፈሩ ስም ውስጥ እንኳ ሁለት ነገሮች አብረው ተቀምጠዋል፤ ሰው ያወጣው ክፉ ስምና ያን ክፉ ስም ያፈረሰ ልደት።

በዚሁ ሰፈር ሰው ስሙን የሚጠየቅባቸውና ስም የሚሰጥባቸው ደጆች ብዙ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኒቱ ወንዱ በተወለደ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ካህኑ ቤተሰብ ካወጣው ስም የተለየ ሌላ ስም ይሰጣል። ያ ስም በጸሎትና በፍትሐት ጊዜ የሚነሣ ስለ ሆነ ባለቤቱ በዕለት ኑሮው እምብዛም አይጠራበትም። ከልደታው ፍርድ ቤት ደጃፍ ደግሞ ባለጉዳይ ከነአባቱ ስም ይጠራል። ከቀበሌ መስኮት ይሰጥ የነበረው የነዋሪነት መታወቂያም «ብሔር» የሚል መስመር ይዞ ለብዙ ዓመታት ኖሯል፤ ዛሬ ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም። አንዱ ደጅ እግዚአብሔር የሚያውቀውን ስም ይሰጣል፣ አንዱ ሕግ የሚያውቀውን ይጠይቃል፣ አንዱም መዝገብ የሚያውቀውን ይጽፋል። በእነዚህ ሁሉ መካከል የሚመላለሰው ሰው ግን አንድ ነው።

በደጃዝማች ባልቻ ስም የተሰየመው ሆስፒታልም ከዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ባልቻ ሳፎ በልጅነቱ ከጦር ሜዳ የተማረከ፣ የዚያ ዘመን ጭካኔ በአካሉ ላይ የማይሽር ጉዳት ጥሎበት ከምኒልክ ቤት ያደገ ሰው ነበር። የወቅቱ ልማድ ለእንዲህ ያለው ሰው ያዘጋጀለት ስም ስልብ የሚል ብቻ ነበር። እርሱ ግን በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ የመድፈኞች አለቃ ሆኖ ተሰለፈ፤ ሕዝቡም በፈረስ ስሙ አባ ነፍሶ እያለ ዘፈነለት። በ1929 ዓ.ም. ከፋሺስት ወራሪ ጋር ሲዋጋ በሽምግልናው ወደቀ። ያ ቁስለኛ ልጅ ዛሬ የሕሙማን መታከሚያ መጠሪያ ሆኗል። ይህ ሰው ራሱን በራሱ ሠራ ልንል እንወዳለን፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። የፈረስ ስምን ፈረሰኛው ሊመርጠው፣ ሊፎክርበትም ይችላል፤ ሌላው ተቀብሎ ካልጠራበት ግን ስም አይሆንም። ባልቻ ሥራውን ሠራ፤ አባ ነፍሶን ግን እርሱና ሕዝቡ አብረው ሠሩት።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ስም በሁለት ወገን የሚሠራ ከሆነ፣ ከሁለቱ ወገን የሚያይለው የቱ ነው? የበለጠ ነፃ የሚሆነውስ ለራሱ ስም ያወጣ ነው ወይስ ሌሎች ያወጡለትን የተሸከመ? መልሱ ግልጽ ይመስላል፤ ለራሱ ያወጣው ነው ያሰኛል። ሁለቱ ካሣዎች የሚመሰክሩት ግን ሌላ ነው።

«ካሣ» የሚለው ስም ራሱ የሚናገረው ነገር አለው። ካሣ ለጠፋ ነገር የሚከፈል ምትክ ነው። ቤተሰብ ከሐዘን በኋላ የተወለደለትን ልጅ ካሣ፣ ካሣሁን፣ ምትኩ እያለ ይጠራዋል፤ ይህም በፍቅር የሚደረግ ነው። ቢሆንም ሕፃኑ ገና አፉን ሳይፈታ የሌላ ሰው ባዶ ቦታ እንዲሞላ ተቀጥሯል። በዚህ ስም የሚጠራ ሰው ታሪክ ስለ ዕዳና ስለ ክፍያ መሆኑ አያስደንቅም።

የመጀመሪያው ካሣ የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። ወላጆቹ ካሣ አሉት። እናቱ ከባሏ ሞት በኋላ በችግር ምክንያት ኮሶ ሸጣለች ተብሎ ስለሚነገር ባላንጣዎቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ አሉት። ወታደሮቹ በፈረስ ስሙ አባ ታጠቅ አሉት። ሕዝብ መይሳው ካሣ አለው። እርሱ ደግሞ ራሱን ቴዎድሮስ አለ። አንድ ሰው፣ አምስት ስም፤ ከአምስቱ እርሱ ያወጣው አንዱን ብቻ ነው።

«የኮሶ ሻጭ ልጅ» የሚለውን ስድብ ጠለቅ ብለን ብናየው ሰው በሌላው ላይ ስም የሚለጥፍበትን ዘዴ ያሳየናል። በዚያ ዘመን ጥሬ ሥጋ የሚበላ መኳንንት ሁሉ ኮሶ ጠጪ ነበር። መድኃኒቱ በየጓዳው ይጠጣል፤ የሚያሳፍረው መጠጣቱ ሳይሆን መሸጡ ነው። ሰዳቢው የሰደበው ራሱ በምስጢር በሚፈልገው ነገር ነው። ትውፊት እንደሚለው ደጃዝማች ወንድይራድ ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ፤ ድል ሲሆን ግን ካሣ ኮሶ አስበጥብጦ አጠጣው። ይህን ታሪክ ብዙዎች እንደ በቀል ብቻ ያዩታል። ልብ ብሎ ለሚያየው ግን ከበቀል የበለጠ ነው። ካሣ እናቴ ኮሶ አልሸጠችም ብሎ አልተከራከረም፤ የዘር ሐረግ ቆጥሮም አልመለሰም። ስሙን ተቀበለና ለሰጪው መልሶ አጠጣው። የሌላውን ቃል ሳይክዱ ትርጉሙን መንጠቅ ማለት ይህ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ግን የተለየ ነው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሥ ካሣ የሚለውን ስም ትቶ ቴዎድሮስ ተባለ። ይህ በታሪካችን ውስጥ ሰው ራሱን የሰየመበት ትልቁ ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። ይሁን እንጂ ስሙ ከራሱ አእምሮ የፈለቀ አልነበረም። በፍካሬ ኢየሱስ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ተነሥቶ ሰላምና ጥጋብ ያመጣል የሚል ትንቢት ነበረ፤ ሕዝቡም ዘመነ መሳፍንት ሲያደቅቀው ያን ስም ሲጠብቅ ኖሯል። ካሣ ለራሱ ስም አወጣ ስንል ሌሎች ሰፍተው፣ አጥፈው፣ ባለቤት አጥቶ ያስቀመጡትን ልብስ አንሥቶ ለበሰ ማለታችን ነው። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ በላከው ደብዳቤ ነገሥታቱን አባቶቼ ይላቸዋል፤ ዝቅ ብሎም እግዚአብሔር ከትቢያ እንዳነሣው ይናገራል። ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ቴዎድሮስ የሚናገረው ነው፤ ሌላው ግን የካሣ ድምፅ ነው።

የመረጠው ስም ከሰደቡት ስም ይልቅ ከበደው። የኮሶ ሻጭ ልጅ ሲሉት አንድ የሚጠበቅበት ነገር አልነበረም፤ ያደረገው ሁሉ ትርፍ ነበር። ቴዎድሮስ ከተባለ በኋላ ግን ያደረገው ሁሉ ጎዶሎ ሆነ። የትንቢቱ ንጉሥ ሰላም የሚያመጣ ነበር፤ የመቅደላው ንጉሥ ግን ዘመኑን በዘመቻ ፈጀ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ሽጉጡን በራሱ ላይ ሲያዞር የሞተው ለስሙ ያልከፈለው ዕዳ ተከምሮበት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ከካሣ ወደ ቴዎድሮስ መሄጃ መንገድ ነበረ፤ ከቴዎድሮስ ወደ ካሣ መመለሻ ግን አልነበረም። መመለሻውን ያበጀለት ከሞተ በኋላ ሕዝቡ ነው። በፉከራና በዘፈን እስከ ዛሬ ካሣ እያለ የሚጠራው፣ የተወውን ስም አንሥቶ ያቆየለት ሕዝብ ነው።

ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ዜና መዋዕሉን በአማርኛ ከጻፉለት ወዲህ ይህ ሰው ከደራሲያን እጅ ወጥቶ አያውቅም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቴአትር፣ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ባለው መጽሐፉ አነሡት። ከርእሶቹ ሁሉ ግን ለጉዳያችን ቅርብ የሆነው አቤ ጉበኛ ለልብ ወለዱ የሰጠው «አንድ ለናቱ» የሚለው ነው። ሌሎቹ ንጉሡን ራሱ በመረጠው ስም ሲጠሩት፣ አቤ በእናቱ ጠራው። ባላንጣዎቹም በእናቱ ነበር የጠሩት። አንዲቱ እናት በአንዱ አፍ ማፈሪያ፣ በሌላው አፍ መመኪያ ሆነች። ሆን ብሎም ይሁን ሳያስበው፣ አቤ ጉበኛ በሁለት ቃላት ያደረገው ካሣ በኮሶው ካደረገው ጋር አንድ ነው።

ሁለተኛው ካሣ የሐዲስ ዓለማየሁ ፍጥረት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ከመጽሐፉ ገጾች ወርዶ በአገር የሚዘዋወር አንድ ሰው ቢኖር እርሱ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያላነበበው ሁሉ አወቀው። ዛሬም በመሥሪያ ቤት ይሁን በጠላ ቤት ሌላው የሚፈራውን እውነት የሚናገር ሰው ሲገኝ ጉዱ ካሣ ይባላል። የአንድ ሰው የተጸውዖ ስም የብዙዎች የወል ስም ሆኗል ማለት ነው።

«ጉድ» ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። የሚያስደንቅ ነገር ጉድ ነው፤ የሚያሳፍር ነገርም ጉድ ነው። የዲማ ሰዎች ካሣ ዳምጤን ጉዱ ካሣ ሲሉት ሁለተኛውን ማለታቸው ነው። ከወገኖቹ ወግ የወጣ፣ የተማረውን ትምህርት ለመኳንንቱ ማወደሻ በማድረግ ፈንታ መመርመሪያ ያደረገው፣ ስለዚህም አእምሮው የተናወጠ ሰው ማለታቸው ነው። አንባቢ ግን መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሣ ቃሉን በመጀመሪያው ትርጉም ይዞት ይነሣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ስሙን አልለወጡትም፤ ፊቱን አዞሩት እንጂ።

በመጽሐፉ ውስጥ ማንነታቸውን ከሌላ እጅ የተቀበሉ ሌሎችም አሉ። በዛብህ በሕፃንነቱ በጽኑ ቢታመምባቸው ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውት፣ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል እንዲኖር ቃል ገብተውበታል። ይህ በጥላቻ የተለጠፈ ስም አይደለም፤ በፍቅርና በፍርሃት የተሰጠ ነው፤ ስለዚህም ለመመለስ ይከብዳል። ስድብን መልሶ መወርወር ይቻላል፤ የእናትን ስእለት ግን በማን ላይ ይወረውሩታል? ሰብለ ወንጌልም በአባቷ በፊታውራሪ መሸሻ ዘንድ ሰው ከመሆኗ በፊት ዘር ናት፤ ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲመረጥ ዕድሜዋ ያልፋል። ፊታውራሪ መሸሻ ራሳቸውም ቢሆኑ ነፃ አይደሉም። የአያት ቅድመ አያት ስም እንደ ከባድ ካባ ስለ ተጫነባቸው ዙሪያቸውን መለስ ብለው ማየት ተስኗቸዋል።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል ክፉ ስም የወጣለት ካሣ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ነፃውም እርሱ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል። ሰዎች አንዱን እብድ ሲሉት ቃሉን ክብደት ለማሳጣት ነው። ነገር ግን ቃሉን ክብደት ሲያሳጡት፣ ሳያስቡት ከቅጣትም ያወጡታል። ሌላው ቢናገረው የሚገረፍበትን ነገር ካሣ በፊታውራሪው ፊት ይናገራል፤ ጉድ ነውና ይታለፋል። የሰጡት ስም እንደ ካባ ሊጫንበት ሲገባ፣ እርሱ አዙሮ እንደ ጋሻ ያዘው። የመጀመሪያው ካሣ ኮሶውን በጦር ኃይል መለሰ፤ ሁለተኛው ጉድነቱን በአንደበት መለሰ። ሁለቱም ስሙን አልካዱም።

ይህ ነፃነት ግን በነፃ የተገኘ አይደለም። እብድ የተባለ ሰው ይሰማል እንጂ አይከተሉትም። ካሣ ያለውን ሁሉ ተናገረ፤ ዲማ ግን በእርሱ ቃል አልተለወጠችም። ገበሬው ሲነሣ የመራው አበጀ በለው ነው። ጋሻው ከጅራፍ አዳነው፤ ክንዱን ግን አሰረው።

ድርሰቱን የምነቅፍበት ቦታ ቢኖር ከዚሁ አጠገብ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ አንዳንድ ጊዜ ካሣን ከጉድነቱ አውጥተው መምህር ያደርጉታል። ንግግሩ ሲረዝም፣ የሚቃወመው አፍ ሲጠፋ፣ የሚናገረው ካሣ መሆኑ ቀርቶ ደራሲው ራሳቸው ይሆናሉ። ካሣ ሕያው የሚሆነው አንድ ሌላ ሰው እብድ እያለው በሚናገርበት ሰዓት ነው። የሚያዋርደው ሰው ከፊቱ ሲጠፋ እርሱም አብሮ ይደበዝዛል። ይህ የድርሰቱ ጉድለት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰውንም ጠባይ የሚገልጥ ጉድለት ነው። ማንም ሰው ብቻውን ሆኖ ማንነቱን ሊያሳይ አይችልም።

በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጫና እናያለን። መጽሐፉ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኖ ሠዓሊ መሆን የሚመኝ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ታላቅ ወንድሙና ዘመዶቹ አይሰድቡትም፤ ይመክሩታል። ሥራህን ያዝ፣ አግባ፣ ውለድ ይሉታል። እነርሱ የሚያውቁት አበራና እርሱ በሸራው ላይ የሚፈልገው አበራ አልገጥም ይላሉ። ስድብ ጠላት ስላለው ሰውን ያነሣሣል፤ ምክር ግን ጠላት የለውም። ከበዛብህ ስእለት ጋር የሚዘመደውም በዚህ ነው። የከተማ ሰው ማንነቱን የሚያጣው በአብዛኛው በጥላቻ ሳይሆን በመልካም ምኞት ነው።

ይህን ሁሉ ቴአትር ከልብ ወለድ ይልቅ ያውቀዋል። በመድረክ ላይ ደራሲ ጣልቃ ገብቶ ይህ ሰው እንዲህ ነው አይልም። ተመልካች አንድን ገጸ ባሕርይ የሚያውቀው በሦስት መንገድ ነው፤ ስለ ራሱ በሚናገረው፣ ሌሎች ስለ እርሱ በሚናገሩት፣ በሚሠራውም። ሦስቱ ልክ ለልክ ከገጠሙ የቆመው የእንጨት ሰው ነው። ነፍስ የሚዘራው ሦስቱ ሲጣሉ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እናስብ። ጀግናው ገና ብቅ ሳይል ጠላቶቹ ብዙ ያወሩበታል፤ ነገር ግን በስሙ አይጠሩትም፤ መልኩንና ባዕድነቱን በሚያመለክት ቃል ብቻ ያነሡታል። በሼክስፒር ድርሰት የተጸውዖ ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው በአንደኛው ገቢር ሦስተኛ ትዕይንት፣ የቬኒስ መስፍን ለጦርነት በፈለገው ጊዜ ነው። ሲያስፈልግ በስሙ ተጠራ። የኢያጎም ድል ኦቴሎን መስደቡ አይደለም፤ ድሉ ኦቴሎ ራሱን በሰዳቢዎቹ ዓይን ማየት መጀመሩ ነው። ካሣ ኃይሉና ጉዱ ካሣ ያልወደቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ሌሎች ያወጡላቸውን ስም ተሸከሙ፤ ራሳቸውን ግን በዚያ ስም አላዩም።

እንግዲህ ሰው በሁለት ነገር መካከል ይቆማል፤ በጥሪና በመልስ መካከል። በአገራችን የተጠራ ሰው ዝም አይልም፤ ለታላቁ «አቤት» ይላል፣ ለእኩያው «ወይ» ይላል። ጥሪው የጠሪው ነው፤ በምን ቃል፣ በምን ድምፅ፣ ቆሞ ወይስ ተቀምጦ እንደሚመልስ ግን የተጠሪው ፋንታ ነው። ደግሞም ያው «አቤት» የሚለው ቃል ለታላቅ የመታዘዝ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ፍርድ ለጎደለበት ሰው የአቤቱታ ድምፅ ነው። ከልደታ ችሎት ፊት በስሙ ሲጠራ አቤት የሚለው ሰው ባንድ ቃል ጥሪውን ይቀበላል፤ በዚያው ቃል ደግሞ ይሟገታል። ማንነት ማለት ይህ ይመስለኛል። ስሙን ሌሎች ያመጡታል፤ አቤቱታው ግን የራስ ነው።

ስለ ማንነት የሚጽፉ ሐያስያን ከዚህ ከሁለቱ አንዱን ሲጥሉ ኖረዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በኪነ ጥበብ ገጾቻችን ላይ ገንኖ የነበረው አስተያየት ሰው የመደቡ ውጤት ነው የሚል ነበር። በዚያ ሚዛን ጉዱ ካሣ የለውጥ አብሳሪ፣ ፊታውራሪ መሸሻ የሥርዓቱ ምልክት ብቻ ሆነው ተነበቡ። ንባቡ ሐሰት አልነበረም፤ ጎዶሎ ነበር። የካሣም የመሸሻም ወገንና ትውልድ አንድ መሆኑን፣ አንዱ ግን ለተመሳሳይ ጥሪ ሌላ መልስ መስጠቱን ሊያስረዳ አይችልም። በተቃራኒው ደግሞ ሰው ራሱን በራሱ ይሠራል፣ ከሌላው የሚቀበለው የለም የሚለው አስተያየት ቴዎድሮስ የሚለው ስም ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም።

በዘመናችን ደግሞ «ማንነት» የሚለው ቃል ራሱ ጠበበ። የማንነት ጥያቄ ሲባል በምክር ቤትና በጋዜጣ የሚሰማው የወል ጥያቄ ነው፤ የቡድን፣ የቋንቋ፣ የወሰን ጥያቄ። ያ ጥያቄ የራሱ ታሪክና የራሱ ክብደት ስላለው በአንድ የሥነ ጽሑፍ ሂስ የሚፈታ አይደለም፤ ላቃልለውም አልተነሣሁም። ብዙ ደምም ፈሶበታል። የማሳስበው አንድ ነገር ነው። ቃሉ የተወለደው «ማን» ከሚለው ነው እንጂ «እነማን» ከሚለው አይደለም። ነጠላው ሰው ከቃሉ ውስጥ ከወጣ፣ የሚቀረው ጠሪ ብቻ ነው፤ አቤት የሚል የለም።

ይህ ጉዳት ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው በመድረክ ላይ ነው። በአንዳንድ ቴአትሮቻችንና የቴሌቪዥን ድራማዎቻችን አንድ ገጸ ባሕርይ ብቅ ብሎ በአነጋገር ዘዬው ሁለት ቃል ሲናገር ተመልካች ይስቃል፤ ከየት እንደ መጣ ታውቋልና ማን እንደ ሆነም የታወቀ ይመስላል። ከዚያ በኋላ የሚናገረውም የሚሠራውም ያን የመጀመሪያ ሳቅ ማጽናት ብቻ ነው። ደራሲው የዲማን ሰዎች ሥራ ሠርቶ የሐዲስ ዓለማየሁን ሥራ ትቶታል ማለት ነው። ስሙን ለጥፏል፤ ፊቱን አላዞረውም። ሰውን ከሰፈሩ፣ ከአባቱ፣ ከቋንቋው ነጥሎ ማሳየት አይቻልም፣ አይገባምም። የደራሲ ሥራ ግን ከዚያ ላይ አያበቃም፤ የተጠራው ሰው የሚመልስበትን ያልተጠበቀ ቃል እስኪሰማ ድረስ መታገሥ አለበት።

ካሣ ማለት ምትክ ነው ብለናል። ሁለቱም ካሣዎች በስማቸው የታዘዙት የሌላውን ባዶ ቦታ እንዲሞሉ ነበር። አንዱ ስሙን ጥሎ ትልቅ ስም አነሣና ዕዳው ሰበረው፤ ሌላው የተሰጠውን ትንሽ ስም ይዞ ኖረና ቃሉ ከስሙ ሰጪዎች ሁሉ በላይ ዕድሜ አገኘ። ሁለቱም ግን የማንንም ቦታ አልሞሉም። ከእነርሱ በፊት ያልነበረ ቦታ ከፈቱ፤ በየዘመኑ የሚነሡ ደራሲዎችና ሕዝቡም እስከ ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ቆመው ስማቸውን ይጠሩታል።